ተጨማሪ መረጃ፦ ከኋላ ሰው ሲጫን አሞርዛተርን ማስተካከል

ሞተር ሳይክል ላይ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ክብደቱ በአብዛኛው የሚያርፈው በኋላ ጎማ ላይ ነው። ለስሌት እንዲቀል ሙሉ በሙሉ እዚያ አረፈ፣ ከኋላ ካሉት ሁለት አሞርዛተሮች የአንዱን ሞላ 1 ሚሊ ሜትር ለመጭመቅም 20 ኒውተን ያስፈልጋል እንበል። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተሳፋሪ ወደ 600 ኒውተን ይጫናል። የግራና የቀኝ ሞላዎች ሲካፈሉት እያንዳንዳቸው 15 ሚሊ ሜትር ያህል ተጨማሪ ይጨመቃሉ። ለጉድጓድ የተተወው ቦታ በዚያው ልክ ያንሳል፤ የፊት መብራቱ ቀና ብሎ ከፊት የሚመጣውን አሽከርካሪ ዓይን ይወጋል፤ የፊት ጎማውም መሬት መቆንጠጡ ይላላል።

በብዙ ሞተሮች ላይ ከሞላው ጫፍ ደረጃ ደረጃ ያለው ቀለበት አለ። ቀለበቱን በመንጠቆ ቁልፍ ወደ ላይኛው ደረጃ ሲያዞሩት ሞላው አስቀድሞ ይጨመቃል። ይህ ሞላውን ያጠነክረዋል የሚለው የተለመደ አባባል ግን ስሕተት ነው። በሁክ ሕግ መሠረት የሞላው ቋሚ አይለወጥም፤ 1 ሚሊ ሜትር ለመጭመቅ አሁንም ያው 20 ኒውተን ይጠይቃል። የሚለወጠው መነሻው ነው፤ በተሳፋሪው ክብደት ዝቅ ያለው የሞተሩ ኋላ ተመልሶ ከፍ ይላል።

ግራና ቀኙ ምንጊዜም በእኩል ደረጃ ላይ ይሁኑ። የኋላ ጎማ ነፋስም አምራቹ ለሁለት ሰው ወዳዘዘው መጠን ይጨመር። ተሳፋሪው ከወረደ በኋላ ቀለበቱ ወደ ቀድሞ ደረጃው ካልተመለሰ፣ ብቻውን የሚነዳው ሰው በየጉብታው ይነጥራል።