ሁለት የቅጥር ደብዳቤ በአንድ እጅ

የምረቃው ቀን እየቀረበ ሲመጣ በመኝታ ክፍሉም ሆነ በመመገቢያ አዳራሹ የሚወራው አንድ ነው። «አንተ የትኛውን ልትይዝ ነው? አንቺስ ምን አሰብሽ?» እንባባላለን። አንዱ የወረዳ ምደባው ወጥቶለታል፤ በዚያው ሳምንት ደግሞ ከከተማ የግል ትምህርት ቤት «ና ሥራ ጀምር» ተብሏል። ሥራ ማጣት እንደሚያስጨንቅ ሁላችንም እናውቃለን። ሁለት ሥራ ባንድ ጊዜ ማግኘትም የራሱ ጭንቀት እንዳለው የሚያውቀው ግን የደረሰበት ብቻ ነው።

ከእኛ ቀድሞ የተመረቀ አንድ ወንድማችን ይህ ደርሶበት ነበር። ደመወዙ ስለበለጠበት ብቻ የወረዳውን ምደባ ትቶ የከተማውን ያዘ። መስከረም ላይ ማስተማር ጀመረ። ኅዳር ሲገባ የቤት ኪራዩ አላላውስ አለው፤ ሌላ ትምህርት ቤት 500 ብር ቢጨምርለት ለማንም ሳይናገር ጥሎ ሄደ። እሱስ የዕለት ችግሩን አቃለለ እንበል። የ3ኛ ክፍል ተማሪዎቹ ግን ለሳምንታት ያለ መምህር ተቀመጡ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን የፈሰሰውን የለቀሙት ልጆቹ ናቸው።

ይህን የምናነሳው ወንድማችንን ለመውቀስ አይደለም፤ ነገ እኛም እዚያው ቦታ ላይ ነን። ታዲያ እንዴት እንምረጥ?

በመጀመሪያ፣ ለመምረጥ ነጻ መሆናችንን እናረጋግጥ። ወደ ሥልጠናው ስንገባ የፈረምነው የአገልግሎት ግዴታ ወይም የወጪ መጋራት ውል ካለ፣ ቅጂውን አውጥተን እናንብበው። ግዴታውን ሳንወጣ ብንሄድ ምን እንደሚከተል ከሬጅስትራር ጠይቆ መረዳት ከማንኛውም የደመወዝ ሒሳብ ይቀድማል።

ሁለተኛ፣ ደመወዝን በወር ሳይሆን በዓመት እናስላ። ለምሳሌ የከተማው ትምህርት ቤት በወር 9,000 ብር ይከፍላል፤ የክረምቱን 2 ወር ግን አይከፍልም እንበል። በ10 ወር 90,000 ብር ይሆናል። የወረዳው 7,500 ብር ቢሆንና 12ቱንም ወር ቢከፍል፣ እሱም 90,000 ብር ነው! እንግዲህ የቤት ኪራይ በከተማ 2,500 ብር፣ በገጠር 600 ብር ቢሆን፣ በዓመት የ22,800 ብር ልዩነት ይመጣል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የቀረቡ ስለሆኑ እያንዳንዱ የራሱን ያስገባ። ቤተሰቡ ከተማ ያለና ኪራይ የማይከፍል ሰው ሒሳቡ በተቃራኒው ሊወጣለት ይችላል።

ሦስተኛ፣ «ግድ የለም፣ በቃል ተስማምተናል» በሚል ነገር አንታለል። የግል ትምህርት ቤት ቅጥር የሚመራው በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ነው። በአዋጁ መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን ሊበልጥ አይችልም፤ ስምምነቱም በጽሑፍ መሆን አለበት። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ መግለጫ ለሠራተኛው መስጠት ይኖርበታል። የጡረታ ነገርም አይዘንጋ። ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪው ደግሞ ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል። «ጡረታ ስለማንቆርጥ እጅህ ላይ የሚገባው ይበዛል» የሚለን አሠሪ ካለ፣ በ9,000 ብር ደመወዝ በየወሩ 990 ብር እያስቀረብን መሆኑን እንወቅ።

የመንግሥት መምህር በበኩሉ የሚተዳደረው በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው። ከጀማሪ መምህርነት ተነሥቶ በአገልግሎትና በሥራ ምዘና ደረጃ በደረጃ የሚያድግበት መሰላል አለው። ይህ ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ባይታይም ከሒሳቡ የሚወጣ አይደለም።

አራተኛ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ የትኛው ቦታ መምህር ያደርገናል? ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ መያዝ መምህር መሆን መጀመሪያው እንጂ መጨረሻው አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ልማድ፣ ክፉም ይሁን ደግ፣ አብሮን ይኖራል። ስለዚህ ርእሰ መምህሩን ሳናፍር እንጠይቅ። በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ ነው? የሠለጠንኩበትን ትምህርት ነው የማስተምረው? በክፍል ውስጥ ስንት ተማሪ አለ? ክፍሌ ገብቶ አይቶ የሚያርመኝ ነባር መምህር ይኖራል? መልሱን ሰምተን ዝም አንበል፤ ቢቻል ቦታውን ሄደን እንየው፤ እዚያ ከሚያስተምሩት ጋርም ሻይ እንጠጣ። በተለይ እኅቶቻችን የመኖሪያ ቤቱን ደኅንነት፣ የውኃውንና የመንገዱን ነገር ቀድመው ማወቅ አለባቸው።

በመጨረሻ፣ ስንመልስ ባግባቡ እንመልስ። ማሰቢያ ጊዜ ካስፈለገን «እስከ ዓርብ ልንገርዎ» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ነውሩ ለሁለቱም «እሺ» ብሎ አንዱን ማስጠበቅ ነው። የማንይዘውን ቦታ ቶሎ ከለቀቅን፣ ተራ የሚጠብቅ ሌላ ጓደኛችን ያገኘዋል፤ ክፍሉም ባዶ አይውልም። የያዝነውን ሥራ መልቀቅ ግድ ቢሆንብን ደግሞ፣ በአዋጁ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መሄድ ይችላል። ያ አንድ ወር ለአሠሪው ብቻ የሚሰጥ ክብር አይደለም፤ ልጆቹ ምትክ መምህር የሚያገኙበት ጊዜ ነው።

ወረዳም ያዝን ከተማ፣ ሁለቱም ዘንድ የሚጠብቁን ልጆች ናቸው። ደብዳቤዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጠን ስንመዝን፣ በደብዳቤው ላይ ስማቸው ያልተጻፈውን እነዚህን ልጆች አንርሳቸው።