«ነጻ» ወይስ «አልተገኘም»?
ፈጣኑ የኤች አይ ቪ ምርመራ ከጣት የሚወሰድ ጠብታ ደምና ትንሽ መመርመሪያ ብቻ ስለሚጠይቅ፣ ለዳባት፣ ለደባርቅና ለሰሜን ተራሮች ግርጌ ጤና ጣቢያዎች እጅግ ይስማማል። ይሁን እንጂ የሚፈልገው ቫይረሱን ራሱን ሳይሆን ሰውነት ለመከላከል የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ይህም በምርመራ እስኪታይ ሳምንታት ያልፋሉ። በዚህ መካከል የተመረመረ ሰው ቫይረሱ በደሙ እያለ «ኔጌቲቭ» ሊባል ይችላል።

እንግዲህ «ኔጌቲቭ»ን «ነጻ» ብሎ መተርጐም፣ ልማድ ያጸደቀው ቢሆንም፣ ምርመራው ያልተናገረውን ማናገር ነው። «ነጻ» ሰውየውን ይገልጻል፤ ስያሜው መግለጽ የሚገባው ግን ውጤቱን ነው። ቀድሞ «አልተገኘበትም» ብለን ነበር፤ ለሴት «አልተገኘባትም» ማለት ስለሚያስፈልግ ግን ለቅጽ አይመችም። ስለዚህ «አልተገኘም» የሚለውን መርጠናል። ነጻ የተባለ ሰው ከሦስት ወር በኋላ እንዲመለስ ቢመከር ምክንያቱ አይገባውም፤ «አልተገኘም» የተባለው ግን ይገባዋል።