ስለ ቤት ወጭ አያያዝ

ውሃ የምትቀዳ ሴት እንስራዋ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ፥ ምንጩ ምንም ቢበዛ ከቤቷ ስትደርስ እንስራው ጎዶሎ ነው። ደጋግማ ብትመላለስ ድካሟ ይበዛል እንጂ ጋኑ አይሞላም። ስንጥቁን ፈልጋ የደፈነች እንደ ሆነ ግን፥ ከዚያው ምንጭ የቀዳችው ውሃ ለቤቱ ሁሉ ይበቃል። የቤት ገንዘብም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው ቤቱ ሲጎድልበት ምንጩ አነሰ ብሎ ያዝናል፤ ስንጥቁን ግን አይፈልግም።

እያንዳንዱ ቤት ሁለት በር አለው፤ አንዱ የገቢ በር፥ ሁለተኛው የወጭ በር ነው። ገቢ የሚባለው ገበሬ ከእርሻው፥ ነጋዴ ከንግዱ፥ ሠራተኛ ከደመወዙ፥ ባለ እጅ ከሥራው የሚያገኘው ነው። ወጭ የሚባለውም ለምግብ፥ ለልብስ፥ ለቤት ኪራይ፥ ለማገዶ፥ ለመድኃኒት፥ ለትምህርትና ለበዓል የሚከፈለው ነው። ወጭ ከገቢ ያነሰ እንደ ሆነ ትርፍ ይገኛል። ሁለቱ እኩል የሆኑ እንደ ሆነ ቤቱ ከእጅ ወደ አፍ ይኖራል። ወጭ ከገቢ የበለጠ እንደ ሆነ ግን ዕዳ ይገባል። ከእነዚህ ከሦስቱ ውጭ የሆነ ቤት የለም።

በቀድሞ ዘመን በኢትዮጵያ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ሆኖ ያገለግል ነበር፤ የማርያ ቴሬዛ ብርም በየገበያው ይዞር ነበር። ባንክ ስላልነበረ ገንዘብ ያለው ሰው ብሩን በገንቦ አድርጎ በመሬት ይቀብር ነበር። ለማንም ሳይናገር የሞተ እንደ ሆነም ገንዘቡ ከመሬት በታች ተረስቶ ይቀር ነበር። በ1898 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን የአቢሲንያ ባንክ በአዲስ አበባ ተከፈተ። ዛሬም ባንክ በብዙ ከተማ ይገኛል። ነገር ግን ገንዘብ የሚቀመጥበት ስፍራ መኖሩ ብቻ ገንዘብን አያተርፍም። አስቀድሞ ወጭውን ያላወቀ ሰው በባንክም ሆነ በገንቦ የሚያስቀምጠው አያገኝም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማወቅ ነው። ለማወቅም ደብተርና እርሳስ ይበቃል። በየማታው በዚያ ቀን የወጣውን ሁሉ፥ ለሽንኩርት የተከፈለውን ትንሽ ገንዘብ እንኳ ሳያስቀሩ ይጽፏል። ወሩ ሲያልቅ ይደምሩታል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረገ ሰው ብዙውን ጊዜ ይደነግጣል፤ ትልቁ ገንዘብ ወዴት እንደ ሄደ ያውቅ ነበር፥ ትንሹ ግን ተሰብስቦ ትልቅ እንደ ሆነ አያውቅም ነበርና። በብዙ ቤት አባትና እናት ጽሕፈት ሳይማሩ አድገዋል፤ ልጃቸው ግን ተምሯል። እንግዲህ መጻፍና መደመር የሚችል ልጅ ገና ደመወዝ ሳይቀበል ቤቱን ሊረዳ ይችላል፤ የቤቱን ደብተር መያዝ ለእርሱ የተገባ ሥራ ነውና።

ሁለተኛው ሥራ ገንዘቡን ከማውጣት በፊት መከፋፈል ነው። ለምሳሌ በወር 6,000 ብር የሚያገኝ ቤት አለ እንበል። ቍጥሩ ለትምህርት የተሰጠ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ቍጥር በስፍራው ያግባ። ይህ ቤት ለኪራይ 1,200 ብር ይለያል። ለምግብ በቀን 120 ብር፥ በ30 ቀን 3,600 ብር ይመድባል። ለማገዶና ለሳሙና 450፥ ለትምህርትና ለመድኃኒት 300፥ ለዕድር 40 ብር ያኖራል። ይህ ሁሉ ሲደመር 5,590 ብር ይሆናል፤ የሚተርፈውም 410 ብር ነው። እያንዳንዱ ድርሻ በየራሱ ቋጠሮ ቢታሰር፥ የኪራዩ ገንዘብ ለሥጋ፥ የመድኃኒቱም ገንዘብ ለሻሽ ሳይታሰብ አይወጣም።

ከተረፈው ገንዘብ አስቀድሞ ሊታሰብለት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ጳጉሜን ነው። የኢትዮጵያ ዓመት እያንዳንዳቸው 30 ቀን የሆኑ 12 ወሮች አሉት፤ ከእነርሱም በኋላ ጳጉሜን 5 ቀን ትሆናለች። በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፥ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፥ 6 ቀን ትሆናለች። ደመወዝ በዓመት 12 ጊዜ ይከፈላል፤ ሆድ ግን በጳጉሜንም ይራባል። ደግሞም ከጳጉሜን ቀጥሎ እንቍጣጣሽ፥ ከዚያም መስቀል ይመጣል፤ ለተማሪዎችም ደብተርና ልብስ የሚገዛው በዚያው ወራት ነው። ያላሰበ ቤት ዓመቱን በብድር ይጀምራል። ያሰበው ግን እንዲህ ያደርጋል፤ በቀን 120 ብር የሚበላ ቤት ለ6 ቀን 720 ብር ያስፈልገዋል። ይህም ለ12 ወር ሲካፈል በየወሩ 60 ብር ይሆናል። ጳጉሜን 5 ቀን በሆነችበት ዓመትም 120 ብር ለደብተር መግዣ ይተርፋል። እንዲህ ሆኖ ከ410 ብር 60 ሲቀነስ 350 ብር ይቀራል።

አሁን ስንጥቁን እንመልከት። ከዚህ ቤት አንድ ሰው በየቀኑ 10 ብር ለማያስፈልግ ነገር ያወጣል እንበል። ዐሥር ብር ምንድር ነው? ይላል። ነገር ግን በወር 300 ብር፥ በ365 ቀንም 3,650 ብር ይሆናል። ቤቱ በወር የሚተርፈው 350 ብር ብቻ ስለ ሆነ፥ ከትርፉ ሁሉ የሚቀረው 50 ብር ነው። ቤቱን ድኻ ያደረገው ኪራዩ አይደለም፥ እንጀራውም አይደለም፤ ማንም ያልቈጠረው ዐሥር ብር ነው። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባል፥ ገንዘብም ቀስ በቀስ ወደ ቤት ይገባል፤ ቀስ በቀስም ከቤት ይወጣል።

ወጭን መቀነስ ማለት ግን መራብ ማለት አይደለም። ብልህ የቤት እመቤት ምግቡን ሳታሳንስ ወጭውን ታሳንሳለች። ጤፍ በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ ከተወቃ በኋላ በገበያ ይበዛል፥ ዋጋውም ይረክሳል፤ ክረምት ሲገባ ግን ብዙውን ጊዜ ይወደዳል። ስለዚህ የሚችል ቤት በመከር ጊዜ ገዝቶ ያከማቻል። ጤፍ ፍሬው እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ ነቀዝ አያጠፋውም፤ ባቄላና በቆሎ ግን በደንብ ሳይደርቁ የተከማቹ እንደ ሆነ ይነቅዛሉ። ለአንድ ቤት ብቻውን መግዛት ቢከብደው፥ ሁለት ወይም ሦስት ጎረቤቶች ገንዘባቸውን አዋጥተው አንድ ኩንታል ገዝተው ይካፈሉ።

በማገዶም እንዲሁ ነው። ምጣድ መጀመሪያ እስኪግል ድረስ ብዙ እንጨት ይፈጃል። ስለዚህ በየቀኑ ጥቂት እንጀራ ከመጋገር ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን የሚበቃውን በአንድ ጊዜ መጋገር ይሻላል። በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነደው እሳት ሙቀቱ በየጎኑ ይበተናል። ምርጥ ምድጃ የሚባለው ግን በምጣዱ ዙሪያ የተከበበ ስለ ሆነ ሙቀቱን ይሰበስባል፤ ከማገዶውም ግማሽ ያህሉን ያተርፋል። ጢሱም ያንሳልና ለጋጋሪዋ ዓይንና ለሕፃኑ ሳንባ ይበጃል። ባቄላና ሽምብራ ማታ በውሃ ተነክረው ያደሩ እንደ ሆነ ቶሎ ይበስላሉ፤ ክዳን ያለው ድስትም ክዳን ከሌለው ፈጥኖ ይፈላል። ከምድጃው በቀር እነዚህ ነገሮች ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ ይልቁንም የሚጠይቁት ማሰብን ነው።

ብቻውን ማጠራቀም የማይችል ሰው በዕቁብ ይረዳል። ዐሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ 100 ብር ቢያዋጡ 1,200 ብር ይሰበሰባል፤ ዕጣ የወጣለትም በዚያ ወር ሁሉን ይወስዳል። በዓመት ውስጥ ለእያንዳንዱ ይደርሳል። ዕቁብ ወለድ አይከፍልም፤ ነገር ግን ወሩ ሲደርስ መክፈል ግድ ስለ ሆነ ገንዘቡ በከንቱ እንዳይጠፋ ያደርጋል። አስቀድሞ የወሰደውም እስከ መጨረሻ ይከፍል ዘንድ ዋስ ይጠራል። ዕድር ደግሞ የሐዘን ቀን መጠጊያ ነው። በየወሩ ጥቂት የከፈለ ሰው፥ ሞት ቤቱን ባንኳኳ ጊዜ ገንዘብ፥ ድንኳን፥ አግዳሚ ወንበርና ድስት ያገኛል፤ ለቀብር ብሎ አይበደርም። ስለዚህ የዕድር ገንዘብ ከሚቀነሱት ወጭዎች መካከል አይቈጠርም።

ከስንጥቆች ሁሉ የሚከፋው ዕዳ ነው፤ ይልቁንም አራጣ። አራጣ ማበደር በሕግ የተከለከለ ነው፤ ሆኖም የቸገረው ሰው በስውር ይበደራል። አንድ ሰው 1,000 ብር በወር ከመቶ ዐሥር ቢበደር በየወሩ 100 ብር ወለድ ይከፍላል። በዓመት 1,200 ብር ይከፍላል፤ ከተበደረውም በለጠ ማለት ነው። ነገር ግን ዋናው 1,000 ብር ገና ሳይነካ በላዩ አለ። እንዲህ ያለ ሰው ዓመቱን ሙሉ የሠራው ለልጆቹ ሳይሆን ለአበዳሪው ነው።

ሰውን ወደ ዕዳ የሚወስደው ሁልጊዜ ችግር አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ታይታ ነው። ጎረቤት ታላቅ ሠርግ ደገሰ፥ እኔስ ከማን አንሳለሁ የሚል ሰው አለ። ለሠርግ ወይም ለተዝካር ብሎ ከሁለቱ በሬዎቹ አንዱን የሸጠ ገበሬ እንዴት እንደሚሆን ማሰብ ይገባል። እንግዶቹ በልተውና ጠጥተው አመስግነውት ይሄዳሉ። ሰኔ ሲገባ ግን የሚጠምደው አንድ በሬ ብቻ ነው፤ በአንድ በሬ ሞፈርና ቀንበር አይሄድም። እንግዲህ አንድ በሬ ያለው ሌላ ሰው ፈልጎ መቀናጆ ይሆናል፤ ባልንጀራው አርሶ እስኪያበቃም ተራ ይጠብቃል። የጤፍ መሬት ደጋግሞ መታረስ ይወዳል፤ ዝናቡም ተራን አይጠብቅም። የዘገየው እርሻ አነስተኛ እህል ያፈራል። በሚቀጥለው ዓመት ቀለብ ያጥራል፤ ልጁም ከትምህርት ቤት ወጥቶ የሌላ ሰው ከብት ይጠብቃል። የሁለት ቀን ግብዣ የልጁን ትምህርት በላ ማለት ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ሠርግም ተዝካርም አይቅር፤ ደስታንና ሐዘንን ከወዳጅ ጋር መካፈል መልካም ልማድ ነውና። ነገር ግን እንደ አቅም ይሁን። ያለውን የሰጠ ንፉግ አይባልም። ንፍገትና ቁጠባ ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ሲቀርቧቸው ግን የተለያዩ ናቸው። ንፉግ ገንዘብ እያለው ልጁን ያስርባል፥ የታመመውንም ሳያሳክም ይቀራል፤ ገንዘቡ ጌታው ነው። ቈጣቢ ግን የማያስፈልገውን የሚተወው የሚያስፈልገው እንዳይጎድል ነው፤ ገንዘቡ አገልጋዩ ነው። ስለዚህ ከሚቀነሰው ወጭ ይልቅ የማይቀነሰውን ማወቅ ይበልጣል። የሕፃናት ምግብ፥ የበሽተኛ መድኃኒት፥ የትምህርት ደብተርና የሚዘራ እህል አይነኩም። ታይታ፥ ሱስ፥ ቸልታና ከሰው ጋር መፎካከር ይነኩ።

ገቢያቸው እጅግ ከማነሱ የተነሣ ቢቈጥሩም የማይበቃቸው ሰዎች ደግሞ አሉ። በእነርሱ ላይ መፍረድ አይገባም፤ ስንጥቅ ሳይኖርበት ምንጩ የደረቀ አለና። እንዲህ ያለውን ቤት ማገዝ የትርፍ አንዱ ጥቅም ነው። ምንም ያላተረፈ ሰው ርኅራኄ ቢኖረውም ለጎረቤቱ ከማዘን በቀር የሚያደርገው የለም፤ ጥቂት ያተረፈ ግን አንድ ጣሳ እህል ይዞ ሊደርስለት ይችላል።

ቀላል ኑሮ ማለት እንግዲህ ይህ ነው፤ የሚበቃን ማወቅ፥ ለሚመጣው ቀን ማሰብ፥ ከሰው ዕዳ ነጻ ሆኖ መተኛት። ይህን ለመጀመር ብዙ ገንዘብ ማግኘትን መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ ልጅ ዛሬ ማታ በደብተሩ ላይ ሁለት መስመር ያስምር፤ በአንዱ ወገን ገቢ፥ በሌላው ወገን ወጭ ብሎ ይጻፍ። ከዚያም ከእናቱ አጠገብ ተቀምጦ፥ እማዬ፥ ዛሬ ምን ምን ተገዛ? ብሎ ይጠይቅ።