ሦስት ሰዎች፣ አንድ ጠባብ ክፍል፣ 12 ሰዓት…

የፖሊስ ፊልም ስታዩ መጨረሻ ላይ ምን ትጠብቃላችሁ? መቼም ካቴና ነዋ! ወንጀለኛው ይሮጣል፣ ፖሊሱ ይከተለዋል፣ ተኩስ ይንጣጣል፣ ከዚያ… እጁ ይታሰራል። እኛም እፎይ ብለን ቴሌቪዥኑን አጥፍተን ወደ መኝታችን። ዛሬ የማጫውታችሁ ፊልም ግን እፎይታ የሚሉትን ነገር አያውቅም። እንዲያውም እንቅልፍ ይነሳል።

"ሆሚሳይድ" የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ የፖሊስ ድራማ በኤን ቢ ሲ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1999 ታይቷል። የሚያሳየው በባልቲሞር ከተማ የግድያ ወንጀል የሚመረምሩ ፖሊሶችን ሥራና ኑሮ ነው። መነሻው ደግሞ አንድ የባልቲሞር ጋዜጠኛ ከእነዚሁ መርማሪዎች ጋር አንድ ዓመት ሙሉ ውሎ እያደረ የጻፈው መጽሐፍ ነው። እኔ ዛሬ የማነሳው አንዷን ክፍል ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በማርች 1993 የታየችውን "ሦስት ሰዎችና አዲና"ን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲና የ11 ዓመት ልጅ ናት። ተገድላ ተገኘች። ምርመራው የተሰጠው ቤሊስ ለሚባል አዲስ መርማሪ ሲሆን፣ በግድያ ክፍሉ ውስጥ በራሱ ኃላፊነት የተረከበው የመጀመሪያ ጉዳዩ ነው። የተጠረጠሩት ሰው ደግሞ ቱከር የሚባሉ፣ በፈረስ ጋሪ ፍራፍሬ እያዞሩ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። ልጅቷን ያውቋታል። ቤሊስና ፔምብልተን የተባለው ጓደኛው ሽማግሌውን ለማናዘዝ ያላቸው የመጨረሻ ዕድል 12 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ በቃ፣ ሰውየው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

ፊልሙ ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚያልቀው በዚያች የምርመራ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ጥቂት ወንበሮች፣ ሦስት ሰዎች። ተኩስ የለም፣ የመኪና ሩጫ የለም። ግን ዓይናችሁን መንቀል አትችሉም! አንዴ በለሆሳስ ያባብላሉ፣ አንዴ ይጮኻሉ፣ አንዴ ግራና ቀኝ ሆነው ጥያቄ ያዘንባሉ። ቤሊስማ ትዕግሥቱ አልቆ ወደ ድብደባው ሊገባ ምንም አይቀረው። "ይበለው!" ብላችሁ ስታዩ ቆይታችሁ በድንገት "ኧረ ተው!" ማለት ትጀምራላችሁ። የፊልሙ ኃይል እዚህ ላይ ነው፤ ተመልካቹንም ከመርማሪዎቹ ጎን ወንበር ስቦ ያስቀምጠዋል።

ከዚያ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ሽማግሌው ተነስተው መርማሪዎቹን ራሳቸውን መመርመር ይጀምራሉ! ፔምብልተንን በጥቁርነቱ እንደሚያፍር ነገር ይወጉታል። ቤሊስን ደግሞ "አንተ ገና ጀማሪ ነህ" በሚል ዓይነት ልቡን ያገኙታል። በመጨረሻም ተሰብረው አንድ ነገር ይናዘዛሉ… ግድያውን ግን አይደለም። ያቺን የ11 ዓመት ልጅ ይወዷት እንደነበር፣ ነገር ግን አንድም ቀን እንዳልነኳት ነው የሚናገሩት። ይሄ ደግሞ የሚዘገንንም የሚያሳዝንም ኑዛዜ ነው።

12 ሰዓቱ አለቀ። ሽማግሌው ወጡ። ሲጠራጠር የነበረው ፔምብልተን አሁን "እሳቸው ናቸው የገደሏት" ብሎ አመነ። ከመጀመሪያው ጀምሮ እርግጠኛ የነበረው ቤሊስ ደግሞ "እንጃ" አለ። አያችሁ ጉድ! አንድ ክፍል ውስጥ፣ ያንኑ ቃል በእኩል የሰሙ ሁለት ሰዎች በተቃራኒ መንገድ ወጡ። ለታሪኩ መነሻ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1988 በባልቲሞር የተፈጸመው እውነተኛ ግድያም ሳይፈታ ነው የቀረው። ደራሲው ፈጥሮ ገዳይ ሊሰጠን ይችል ነበር። አልሰጠንም። ለዚህ ድርሰት በ1993 የኤሚ ሽልማት ማግኘቱ ሲያንሰው ነው።

እንከን የለውም ወይ? አለው። ከፊቱ ያሉትን ክፍሎች ላላየ ሰው ምርመራው እንዴት እዚህ እንደደረሰ ቶሎ አይገባም። አዲናም ራሷ በታሪኩ ውስጥ እንደ ጥላ ናት፤ ስለ እሷ ከምናውቀው ይልቅ ስለ ሦስቱ ወንዶች የምናውቀው ይበልጣል።

እሺ፣ ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው? ትሉ ይሆናል። እኔ እንጃ፣ እኔ ግን ፊልሙን ሳይ ትዝ ያለኝ የፖሊስ ጣቢያ ሳይሆን የፍቅረኞች ጠብ ነው። ስንቱ ቤት ነው የምርመራ ክፍል የሆነው! "ማን ነው የደወለልሽ?" "የት ነበርክ?" "ማይልኝ!" እየተባለ የሚነጋው ሌሊት ስንት ነው? አንድ የማውቀው ወጣት ጓደኛውን ከምሽት እስከ ሌሊት ሲያፋጥጣት ቆይቶ፣ ልጅቷ መተኛት ስለፈለገች ብቻ "እሺ፣ አዎ" አለችው። ያላደረገችውን! እሱ "እውነቱን አወጣሁ" ብሎ ተለያት። ያወጣው ግን ድካሟን ነበር።

"ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር" ይላሉ አበው። መጠርጠር ኃጢአት አይደለም። ግን ሰውን አስጨንቆ የሚገኝ ቃል ጭንቀቱን እንጂ እውነቱን አይነግርም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው ተገድዶ የእምነት ቃል እንዳይሰጥ ይከለክላል። ለፖሊስ ያልተፈቀደውን ለአንተ ማን ፈቀደልህ? ለአንቺስ?

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ የጠረጠራችሁት ነገር ካለ በቀን፣ ሳትጮሁ፣ አንዴ ጠይቁ። መልሱን አድምጡ። ቀድማችሁ የፈረዳችሁ ከሆነ ግን ባትጠይቁ ይሻላል፤ የምትሰሙት የራሳችሁን ድምፅ ብቻ ነውና። እጃችሁ ለመሰንዘር ከተነሳ ደግሞ ውጡ፣ በሩ ክፍት ነው። ከዚያ በኋላም ካላመናችሁ፣ እያፋጠጡ ከመኖር በሰላም መለያየት ክብር አለው።

"እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" የሚባለው ደስ ይላል። ይህች ፊልም ግን ሁልጊዜ እንደማይጠራ ነው የምትነግረን። ቤሊስ በጉልበት ሊያጠራው ሞክሮ ያተረፈው ያቺን አንዲት ቃል ብቻ ነው፤ "እንጃ"።

መልካም ሳምንት!