የማኅበር ዕዳ፣ የግል ፊርማ

ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ቢከስር ባለድርሻው የሚያጣው ያዋጣውን ካፒታል ነው፤ ቤቱንና የግል ሂሳቡን ማንም አይነካበትም። ለአበዳሪ ባንክ ግን ይህ ከለላ ስጋት ነው። የማኅበሩ ንብረት ብድሩን ካልሸፈነ ገንዘቡን የሚጠይቀው ሰው የለውም። ስለዚህ ብድሩ ሲጸድቅ ባለድርሻዎቹ በግል ስማቸው ዋስ እንዲሆኑ ይጠየቃሉ። ዋስ ማለት ዋናው ባለዕዳ ሳይከፍል ቢቀር እሱ ሊከፍል ለባለገንዘቡ ግዴታ የገባ ሰው ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስትና በጽሑፍ እንዲሆን ያስገድዳል። ዝምድና ወይም ሽርክና ስላለ ብቻ ማንም ዋስ ነው ተብሎ አይገመትም። አንቀጽ 1922 ደግሞ አንድ ጠንካራ መስፈርት ይጨምራል፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም። ብዙ ክርክር የሚነሳው ከዚህ ነው። ለምሳሌ ማኅበሩ 5 ሚሊዮን ብር ተበድሮ ዋሱ የፈረመበት ወረቀት «ለብድሩ፣ ለወለዱና ለወጪው ሁሉ ዋስ ነኝ» ብቻ ይላል እንበል። ባንኩ የብድሩ ልክ በዋናው ውል ላይ ስለሚታወቅ መጠኑ ተገልጿል ብሎ ይከራከራል። ዋሱ በበኩሉ ወለድና ቅጣት በየወሩ ስለሚያድጉ «ሁሉ» የሚለው ቃል ጣሪያ አይሆንም ይላል። በእኔ አስተያየት የሁለተኛው ክርክር ከሕጉ ዓላማ ጋር ይበልጥ ይስማማል፤ ድንጋጌው የተጻፈው ፈራሚው በፈረመባት ቀን የሚደርስበትን የመጨረሻ ጉዳት በቁጥር እንዲያይ ነውና። ወረቀቱ ላይ 2 ሚሊዮን ብር ተጽፎ ቢሆን፣ ዕዳው 7 ሚሊዮን ቢደርስ እንኳ ከዋሱ የሚጠየቀው 2 ሚሊዮኑ ነው።

ቀጣዩ ጥያቄ ባንኩ መጀመሪያ ማንን ይከሳል የሚለው ነው። ተራ ዋስ ሲከሰስ ከሁሉ በፊት የባለዕዳው ንብረት እንዲፈለግና እንዲሸጥ መጠየቅ ይችላል። ይህን መብት ግን ክሱ እንደቀረበበት ወዲያው ማንሳት አለበት። ውሉ ላይ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ሐረግ ካለ ይህ መብት ይቀራል፤ ባንኩ ማኅበሩን ሳይከስ፣ መያዣውንም ሳይሸጥ ወደ ዋሱ መሄድ ይችላል። በገጹ ግርጌ በትንንሽ ፊደል የሚታተመው ይህ ሐረግ ለዋሱ ከወለዱ መጠን በላይ ውድ ነው።

የትዳር ጓደኛም የክርክሩ አካል ትሆናለች። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከ100 ብር በላይ ለሆነ ዕዳ ዋስ ለመሆን የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት እንዲኖር ይጠይቃል። ያልተስማማችው ሚስት ውሉን ካወቀችበት ቀን አንስቶ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ደግሞ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት ማመልከት ትችላለች። ባንኮች የሁለቱንም ፊርማ የሚጠይቁት ለዚህ ነው።

የከፈለ ዋስ ያወጣውን ገንዘብ ከዋናው ባለዕዳ የማስመለስ መብት አለው፤ ሆኖም ማኅበሩ ባዶ በሆነበት ጊዜ መብቱ በወረቀት ላይ ይቀራል። ከሁሉ የሚከፋው ድርሻውን ሸጦ የወጣ ባለድርሻ ሁኔታ ነው። ድርሻው ለገዢው ተላልፏል፣ ሥራ አስኪያጁም ተቀይሯል፤ ዋስትናው ግን ከባንኩ ጋር የተደረገ ሌላ ውል ስለሆነ በድርሻ ሽያጭ አይቋረጥም። የሚያወጣው ባንኩ በጽሑፍ ሲለቅቀው፣ ለምሳሌ ገዢውን በምትኩ ዋስ አድርጎ ሲቀበል ነው።