የእድሩ ጸሐፊ የሚያውቃቸው ሟቾች

ኮቪድ-19ን የትኛው አገር በተሻለ ተቋቋመ የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም። ለሐድያና ለከምባታ ደግሞ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ ከሆሳዕናም ሆነ ከቦኖሻ ልጁን ወደ ደቡብ አፍሪካ የሸኘ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካም የሄዱበት መንገድ ለየቅል ነበር። ደቡብ አፍሪካ ከመጋቢት 18 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ሕዝቧን ቤት አስቀመጠች፣ የመጠጥና የሲጋራ ሽያጭን ሳይቀር አገደች። ኢትዮጵያ መጋቢት 4 የመጀመሪያውን ታማሚ ካገኘች በኋላ ትምህርት ቤት ዘጋች፣ ምርጫ አራዘመች፣ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀች፤ ሰውን ግን ጨርሶ ከቤት እንዳይወጣ አልከለከለችም።

በይፋ የተመዘገበውን ሞት ብቻ ላየ ሰው ፍርዱ ቀላል ነው፦ ደቡብ አፍሪካ ከ100 ሺህ በላይ፣ በሕዝብ ብዛት እጥፍ የምትሆነው ኢትዮጵያ 7,500 ገደማ። ይህን ንጽጽር አልቀበለውም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አብዛኛው ሞት ስለሚመዘገብ የሳምንቱ ሟች ከወትሮው ሲበልጥ ይታወቃል፤ በዚህ ስሌት የወረርሽኙ ዘመን ትርፍ ሞት ከይፋዊው ቁጥር ሦስት እጥፍ ገደማ ሆኗል። እኛ ዘንድ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ቦኖሻ በምትገኝበት በሻሾጎ ወረዳ ገጠር አንድ አዛውንት ሳል ጠንቶባቸው ቤታቸው ቢያርፉ እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ለቅሶ ይደርሳል፣ ቀብሩ ይፈጸማል፤ ናሙና የወሰደ የለም። የእድሩ ጸሐፊ ያውቃቸዋል፣ ሪፖርቱ አያውቃቸውም።

ሕዝባችን ወጣት ስለሆነ ሞቱ በእውነትም ዝቅ ብሏል የሚሉ አሉ። ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ግን እንዲያ ከሆነ ምስጋናው ለዕድሜያችን እንጂ ለአዋጁ አይደለም። የአዋጅ ጥብቅነትም ብቻውን አያድንም፦ ፔሩ ቀድማና አጥብቃ ዘግታ ነበር፤ ነገር ግን የዕለት ጉርሱን በየዕለቱ የሚገዛው ድሃ ገበያ፣ ድጎማ የሚጠብቀው ባንክ በር ላይ ተሰለፈ፤ አገሪቱም ከሕዝቧ አንጻር ብዙ ሰው ከሞተባቸው ግንባር ቀደሞቹ አንዷ ሆነች።

ታዲያ ማወዳደር ይቅር? አይቅር፤ በእርግጠኝነት የሚታየው ይወዳደር። ኢትዮጵያ በ2013 መጀመሪያ ትምህርት ቤቶቿን ደረጃ በደረጃ ከፈተች፤ ኡጋንዳ ግን ሙሉ በሙሉ የከፈተችው በጥር 2014 ነው፤ የልጆቹ ኪሳራ ግምት አይሻም። ሞትን ለማወዳደር ግን መጀመሪያ መቁጠር ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ውስጥ በየመቃብር ሥፍራው ሟቾችን የሚመዘግብ የክትትል ሥራ በ1990ዎቹ ተጀምሮ ኤድስ ያደረሰውን ጉዳት ለማወቅ ረድቷል። በቦኖሻም የእድር መዝገብ አለ፤ የቀረው በየወሩ ወደ ቀበሌው ምዝገባ እንዲገባ ማድረግ ነው፤ ይህም ቀጣዩ ወረርሽኝ ሳይመጣ መጀመር ያለበት ሥራ ነው።