«ማሽን ግዙልኝ» ላለ ልጅ ምን ይመለስለት?

ከደምበጫ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለችው ጅጋ የበቆሎና የጤፍ አገር ናት። በእንዲህ ያለ ከተማ ብየዳ ቤትና ቶርኖ ቤት ሥራ አያጣም። የወፍጮው ዘንግ ይሰበራል፣ የበቆሎ መፈልፈያው ጥርስ ያልቃል፣ የፓምፑ ኩሽኔታ ይበላል። በኮሌጅ የብረት ሥራ የተማረ ልጅ ይህን አይቶ «ሲኤንሲ ሚሊንግ ማሽን ግዙልኝና የራሴን ሥራ ልጀምር» ቢል አያስገርምም። ነገር ግን ከጥያቄው ጀርባ የሚሸጡ በሬዎች፣ ለዋስትና የሚያዝ የቤት ካርታ፣ ለእርጅና የተቀመጠ ጥሪት አለ። ስለዚህ ወላጅም አያትም ስለ ማሽኑ ጥቂት ማወቅ ይገባቸዋል።

ማሽኑ ምንድን ነው?

ቶርኖ ብረቱን እያሽከረከረ ይቀርጻል። በሚሊንግ ግን ብረቱ ታስሮ የሚሽከረከረው መቁረጫው ነው፤ ጠፍጣፋ ገጽ፣ ቦይና የጊር ጥርስ ይወጣበታል። ተራው ሚሊንግ በእጅ መዘውር ይነዳል። ሲኤንሲው ደግሞ ባለሙያው በኮምፒውተር የጻፈለትን ትእዛዝ ተከትሎ ራሱ ይንቀሳቀሳል። ሐሳቡ የቆየ ነው። አሜሪካ ውስጥ በኤምአይቲ የተሠራው በቁጥር የሚታዘዝ የመጀመሪያው ሚሊንግ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1952 ለእይታ ሲቀርብ ትእዛዙን ያነብ የነበረው ከተበሳሳ የወረቀት ጥቅል ነው።

ምን ሊሠራበት?

በሬ የሚገዛ ገበሬ ጥርሱንና ሰኮናውን ከማየቱ በፊት የሚያርሰውን መሬት ያስባል። ማሽንም እንደዚሁ ነው። ሲኤንሲ የሚያዋጣው አንድ ዓይነት ዕቃ በብዛት ሲሠራ ነው። ትእዛዙን ለመጻፍና ብረቱን አስሮ ለማስተካከል 2 ሰዓት ቢፈጅ፣ ያ ጊዜ ለ200 ዕቃ ሲካፈል ለእያንዳንዱ ከ1 ደቂቃ በታች ይደርሰዋል። የሚሠራው አንድ ዕቃ ብቻ ከሆነ ግን ሁለቱም ሰዓት በእሱ ላይ ይወድቃል። የጥገና ሥራ ደግሞ ዛሬ አንድ ዘንግ፣ ነገ አንድ ጊር ነው።

እንግዲህ ልጁን «ደንበኛህ ማን ነው? በወር ስንት ተመሳሳይ ዕቃ ያዝዝሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ የተሰበረ መጠገን ከሆነ ጥሩ ቶርኖና ተራ ሚሊንግ ይቀድማሉ። ለበቆሎ መፈልፈያ ወይም ለፓምፕ ሠሪዎች ዕቃ በብዛት ለማቅረብ በጽሑፍ የተያዘ ትእዛዝ ካለው ግን የሲኤንሲው ነገር ይታሰብበታል።

ዋጋው የማይናገረው

አነስተኛ የሚባለው ማሽን እንኳ ብዙ ጊዜ ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል። ከመኪና የሚያወርደው ክሬንና የሚቆምበት የኮንክሪት ወለል ያስፈልገዋል። አብዛኛው ባለ ሦስት ፌዝ መብራት ይፈልጋል። ይህን ወፍጮ ያለው ሁሉ ያውቀዋል፤ ልዩነቱ ወፍጮ መብራት ቢሄድበት ቆሞ ይጠብቃል፣ ሲኤንሲ ግን በሥራ መሐል ሲቋረጥበት መቁረጫው ሊሰበርና ዕቃው ሊበላሽ ይችላል። ኃይል ከፍና ዝቅ ሲል ደግሞ ኤሌክትሮኒክሱ ይጎዳል። ስለዚህ የስታቢላይዘሩ ዋጋ ከማሽኑ ጋር ይታሰብ፤ መቁረጫው፣ ሞርሳውና መለኪያውም እንዲሁ።

ያገለገለ ማሽን ከሆነ ብረት ሲቆርጥ ሳታዩ ገንዘብ አትቁጠሩ። አንዱን ዕቃ ሁለት ጊዜ አሠርቶ መለካት ጥሩ ፈተና ነው፤ መጠኑ ከተለያየ ማሽኑ ደክሟል። ትእዛዝ የሚያነበው ክፍል ቢበላሽ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ የሚጠግነው ባለሙያና መለዋወጫ መኖሩንም ጠይቁ። መንገድ በየጊዜው በሚዘጋበት ዘመን ለአንድ ካርድ ወር መጠበቅ የወር ገቢን ያስቀራል።

የዋጋ ማቅረቢያው ቀንም ይታይ። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ያኔ የቆየ ዋጋ ይዞ ያቀደ ሰው ዕቅዱ ፈርሶበታል።

ገንዘቡ ከየት?

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንዲሉ፣ ወደ ቤት ካርታው ከመሮጥ በፊት ሌላ በር አለ። የካፒታል ዕቃ ኪራይ በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 103/1990 የተፈቀደ አሠራር ነው። በአማራ ክልል ዋልያ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ፣ በአገር ደረጃ ደግሞ የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ይሠሩበታል። አከራዩ ማሽኑን ገዝቶ ይሰጣል፣ ተከራዩ ቅድሚያ ከፍሎ ቀሪውን በየጊዜው ይከፍላል፤ ክፍያው እስኪያልቅ ማሽኑ የአከራዩ ነው። ልጁ ባይሳካለት ማሽኑም የተከፈለውም ይሄዳል፤ ከውሉ ውጭ ሌላ ዋስትና ካልተያዘ ግን ቤቱ ይተርፋል። ስለዚህ ውሉን ሕግ ለሚያውቅ ሰው ሳታስነብቡ አትፈርሙ።

ልጁ በሌላ ሰው ማሽን ላይ አንድ ዓመት ተቀጥሮ ቢሠራ ደግሞ ሁሉንም ጥያቄ ራሱ ይመልሰዋል፤ ደንበኛ ያፈራል፣ የትኛው ሥራ ትርፍ እንዳለው ያያል። ከዚያ በኋላ የደንበኞቹን ስም፣ የወጪውን ዝርዝርና የወር ክፍያውን በአንድ ገጽ ጽፎ ቢያቀርብ፣ ያኔ አባትም እናትም እምቢ የሚሉበት ምክንያት አይኖርም።